ጨው የማያውቀው ማሳ

በቶርፕሊንግ መንደር ጥር በገባ በሁለተኛው እሑድ ጨው ይወገዛል። ልማዱ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አውጋዡ ጄትሮ ላርተር ነው፤ የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው። ስድስቱን ቀን የአንድ ባለርስት ጌታ መሬት ተከራይቶ ያርሳል፣ በሰባተኛው ቀን የጸሎት ቤቱ ሰገነት ላይ ወጥቶ የመንደሩን ነፍስ ያርሳል። በሁለቱም ምርቱ መካከለኛ ነው።

ጥቅሱ ተለውጦ አያውቅም። አቤሜሌክ ሴኬምን በያዘ ጊዜ ከተማይቱን አፍርሶ ጨው ዘራባት ይላል መጽሐፉ። ጄትሮ እዚህ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቅና ሕዝቡን አንድ በአንድ ያያል። «ልብ በሉ ወገኖቼ፤ አቤሜሌክ ጨው የዘራው ስኳር ሊያመርት አልነበረም።» ሕዝቡ ራሱን ይነቀንቃል። አቤሜሌክ ስኳር ሊያመርት እንዳልነበረ ማንም አይክድም።

ስብከቱ ሲያልቅ መዝሙር ነው። ኦርጋኑ ላይ የሚቀመጠው ክሌም ባን ነው፤ ከጄትሮ ማሳ አጥር ወዲያ ያለውን መሬት የሚያርስ ጎረቤት። ክሌም በየዓመቱ ጥር ላይ ለአንድ ኤከር ሁለት ኩንታል ተኩል ጨው ይበትናል፤ ውግዘቱንም በየዓመቱ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ከዚያ የተወገዘውን እጁን በሱሪው ጠረግ ጠረግ ያደርግና ደስ የሚል መዝሙር ይጫወታል። ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው አያውቁም። አንዱ በሰማይ ቤት፣ ሌላው በስኳር ፋብሪካው ዘንድ የተከበረ ስለሆነ የሚሻሙበት ነገር አልነበራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር የሚወጣበት ሥር፣ ያ ነጩ የቀይ ሥር ወንድም፣ የዘር ሐረጉ ከባሕር ጠረፍ ነው፤ ሌላውን ተክል የሚያቃጥለው ጨው እሱን ያፋፋዋል። ጨው የቀመሰ እንደሆነ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ያብለጨልጫል፣ በሐምሌ ቀትር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያልቀመሰው እኩለ ቀን ሲሆን እንደ ሰከረ ሰው መሬት ለመሬት ይዘረጋል። ስለዚህ ቶርፕሊንግ ባለችበት በኖርፎክ አውራጃ የማን ማሳ ጨው እንዳገኘ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በምሳ ሰዓት በአጥር አሻግሮ ማየት ይበቃል። የቶርፕሊንግ ገበሬ ደግሞ ምሳውን የሚበላው አጥር ተደግፎ ነው።

የጄትሮ ዋነኛ ማሳ ረጅሙ ማሳ ይባላል፤ አሥራ ሁለት ኤከር ነው፤ በየሦስት ዓመቱ የስኳር ሥር ይዘራበታል። ባለፈው ተራው አንድ ጉድ ታየበት። ከጸሎት ቤቱ ግንብ ጋር የሚዋሰነው የላይኛው ግማሽ በቀትር ይቆማል፤ የታችኛው ይተኛል። መንደሩ በሙሉ ሳንድዊቹን ይዞ አጥሩ ላይ ተሰለፈ። ጄትሮ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም።

«መዝሙር የሚሰማ ቅጠል አይጠወልግም፣» አለ በሚቀጥለው እሑድ። «ጨው የማያውቀው ማሳ እንዲህ ነው።»

ሕዝቡ ተደነቀ። ክሌም ባንም ተደነቀ፤ ኦርጋኑን የሚመታው እሱ ስለሆነ ከምስጋናው ጥቂት ሳይደርሰው አልቀረም።

የሆነው ግን ሌላ ነበር። ጄትሮ ኤቪስ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ላሞቹንም ትራክተሩንም የያዘችው እሷ ናት፤ ጄትሮ የያዘው ስብከቱን ነው። በውግዘቱ እሑድ አባቷ ጠዋት በቶርፕሊንግ፣ ከሰዓት በኋላ በሁለት አጎራባች መንደሮች ጨውን ሲረግም ስለሚውል በብስክሌቱ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ኤቪስን በየዓመቱ በዚያው ቀን ራስ ምታት ይይዛታል። አባቷ ከኮረብታው እንደተሰወረ ራስ ምታቱ ይለቃትና ከእንቁላል ሽያጭ ባገኘችው ገንዘብ የገዛችውን ጨው ለስኳር ሥር በታሰበው መሬት ላይ ትበትናለች። በዚያ ዓመት ገንዘቧ የበቃው ለላይኛው ግማሽ ብቻ ነበር። መዝሙር የሰማው ክፍል ይኸው ነው።

ኅዳር ላይ የመሬቱ ጌታ ወኪል ሚስተር ትሪንግ መጣ። የጄትሮ ጉልበት ከከዳው ቆይቷል፤ የኪራይ ውሉም በሚቀጥለው መስከረም መጨረሻ፣ በአገራቸው የእርሻ ኪራይ በሚያበቃበት በሚካኤል ቀን፣ ያልቃል።

«በልጄ ስም ይጻፍልኝ፣» አለ ጄትሮ።

«በኤቪስ?» ሚስተር ትሪንግ የሻይ ሲኒውን አስቀመጠ። «ሚስተር ላርተር፣ ልጅዎ መልካም ልጅ ናት፤ እኔም አይቻታለሁ። ግን እርሻ እኮ ነው የምንነጋገረው።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማን ሲያርሰው የኖረ ይመስልዎታል?»

«እርስዎ ነዎት ብዬ ነዋ ለጌታው ስጽፍ የኖርኩት።»

ጄትሮም ለሰው ሁሉ እንደዚያው ሲል ነው የኖረው።

«በአንድ ነገር እንስማማ፣» አለ ወኪሉ። «ዘንድሮ ረጅሙ ማሳ የስኳር ሥር ተራው ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የባን ማሳም እንደዚሁ። የባንን ያህል ካበቀላችሁ ውሉን በእሷ ስም እጽፋለሁ። ካልሆነ ግን ባን መሬቱን ይፈልገዋል። ትራክተርም ሁለት አለው።»

ኤቪስ ሻይ እየቀዳች ነበር። ጄትሮ እጇን አየ። ሲኒው ሞልቶ ሲፈስ እንኳ ማንቆርቆሪያውን አላቀናችውም። ይህቺ ልጅ ከዚህ መሬት ሌላ በዓለም ላይ ምንም እንደሌላት፣ የሌላትም በእሱ ምክንያት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሁለት ጊዜ ሊያገባት የፈለገ ሰው መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ጄትሮ በጠና ታመመ። ሰዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ በሳምንቱ ተሻለው። ያኔ እግዚአብሔርን አመስግኖ ነበር፤ አሁን ማንቆርቆሪያውን እያየ አፈረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ አንድ ሐሳብ ያስቡ ጀመር፤ ለየብቻቸው። በዚያ ቤት ሐሳብ ማካፈል አልተለመደም።

ኤቪስ ቀደመች። ለሦስት ዓመት ከየዓመቱ የጨው ዋጋ እያስተረፈች ያጠራቀመችውን የእንቁላል ገንዘብ አውጥታ በየቅዳሜው ከኖሪች ገበያ ስትመለስ ስድስት ሰባት ከረጢት ጨው እያመጣች ጭድ ሥር ደበቀች። የውግዘቱ እሑድ ሲደርስ ራሷን አመማት፤ አባቷ ሄደ፤ ሠላሳውን ኩንታል በአሥራ ሁለቱም ኤከር ላይ በተነችው። ሥራው ልክ እንደ ደንቡ ነበር። ለኤከር ሁለት ኩንታል ተኩል፣ ዘር ከመዘራቱ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ፣ ዝናብ ወደ ታች እንዲያወርደው። ማታ አባቷ ብርድ ቆራርጦት ሲገባ ሾርባ አቀረበችለት።

«ራስሽን እንዴት አደረገሽ?» አላት።

«ተሻለኝ አባዬ። ስብከቱስ?»

«ሦስቱም መንደር አለቀሰ፣» አለ ጄትሮ ሾርባውን እያማሰለ።

ጄትሮ በበኩሉ ሲጸልይ ከረመ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጨው እንደሚሠራ ካወቀ ቆይቷል። ዓይን አለው፤ ምሳውንም አጥር ተደግፎ ነው የሚበላው። ግን ሰው ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ነገር ካወገዘ በኋላ «ተሳስቼ ነበር» ቢል ያ ሁሉ አሜን የት ይገባል? ደግሞስ ጨው ይበተን ቢባል ማን ይበትነዋል? ኤቪስን ልዘዛት እንዳይል ልጁ ፊት መዋረድ ነው። ከሰው ሁሉ በፊት በእሷ ፊት መዋረድ አልፈለገም። እሷ ታምነኛለች ብሎ ነው የሚያስበው።

ሲጸልይ ሲጸልይ ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ መጋቢት ተጋመሰ። ዘር ሊዘራ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ጸሎቱ የተሰማው። ቅዳሜ ነበር። በቅዳሜ የቶርፕሊንግ ወንድ ሁሉ ኖሪች የከብት ገበያ ይውላል፤ ኤቪስም እንቁላል ትሸጣለች። ጄትሮ ጉልበቴን ብሎ ቀረ። ጨውን ያዘዘው ከመንደሩ ነጋዴ አልነበረም፤ ነጋዴው የጸሎት ቤቱ ዘማሪ ስለሆነ አንድ ከረጢት ቢሸጥለት እስከ ማታ በአራት ድምፅ ይዘመርበታል። ያርመዝ ወደብ፣ ዓሣ በጨው ከሚያደርቁበት ጓሮ አዘዘ። ጨዉ ራሱ ዓሣ አልነካም፤ ከዓሣው ጋር ግን አብሮ ከርሟል።

የጭነት መኪናው ሹፌር ሸራውን ገለጠና ማሳውን ዞር ዞር ብሎ አየ። «አባት፣ ስልሳ ኩንታል ለዚህች መሬት? ደንቡ እኮ ግማሹ ነው።»

«ደንቡ በየዓመቱ ለሚበትን ነው። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ውዝፍ አለብኝ።»

«መቼ ነው የምትዘሩት?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

«አይ፣ ዘግይታችኋል። ጥር ላይ ነው እንጂ የሚበተነው።»

«ጥር ላይ ሥራ ይበዛብኛል፣» አለ ጄትሮ። ይህ ውሸት አልነበረም።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ጄትሮ አላሳነሰም። ለኤከር አምስት ኩንታል። ጨዉን በኖራ መበተኛው ሞልቶ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ነዳ። የታመመው ጉልበቱ በትራክተሩ መርገጫ ላይ እንደ ወጣት ሠራ። ከዚያ ጓሉን እያደቀቀ መሬቱን ከሰከሰው፣ ከረጢቶቹን አቃጠለ፣ እጁን ታጠበ። ሲጨርስ ደስ አለው። የገዛ ልጁን እርሻ አድኗል፤ ያለ አንድ ምስክር። ሃያ ስድስት ዓመት ጀርባውን የሰጠውን ነገር በአንድ ቀን ጨርሶ ቤቱ ገባ፤ ሻይ አፈላና ተቀመጠ።

ወደ ማታ ክሌም ባን ከገበያ ሲመለስ አጥሩ ጋ ቆመ። ጄትሮ ሊሸሽ አሰበ፤ ግን ታይቷል።

«ወንድሜ ጄትሮ፣ ጉልበትህ እንዴት ዋለ?»

«ተመስገን። ቁጭ ብዬ ዋልኩ።»

«ማሳህ ተከስክሷል እኮ።»

«ትራክተሩ ላይ ነው ቁጭ ያልኩት።»

ክሌም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ። «ዓሣ ዓሣ አይልህም?»

«ኤቪስ ሄሪንግ ጠብሳ ነው።»

«ከኤቪስ ጋር ገበያ ተለያይተን መምጣቴ ነው።»

«ጠዋት ነዋ የጠበሰችው።»

ክሌም ማሳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉትን አምስት ድመቶች አየ። ሁለቱ የራሱ ነበሩ። ድመቶቹ አፈሩን ያሸታሉ፣ ይጭራሉ፣ ያዝናሉ፣ እንደገና ያሸታሉ። «ደህና ቁርስ በልታችኋል ማለት ነው፣» አለና ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ።

ኤቪስ ማሳው ተከስክሶ ስታገኘው አባቷ ሊረዳት የፈለገ መሰላት፤ በሳምንቱም ዘሩን ዘራች። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ጠፋ። የኖርፎክ ሰማይ ዓመቱን ሙሉ ሳይፈለግ ሲያንጠባጥብ ኖሮ በተፈለገ ጊዜ ግጥም አለ። የላይኛው አፈር እንደ ሸክላ ደርቆ ተዘጋ። ከሥሩ ያለው ዘር አንዱ ጨው አቃጠለው፣ ሌላው ቅርፊቱን መብሳት አቅቶት ታፍኖ ቀረ። በግንቦት የባን ማሳ ረድፍ በረድፍ አረንጓዴ ሆነ። ረጅሙ ማሳ መላጣ ነበር። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት ብቅ ብለው በማን ምድር ላይ እንደበቀሉ የማያውቁ ይመስል ዙሪያቸውን ያያሉ።

ኤቪስ በጉልበቷ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ስትጭር ትውላለች። ጄትሮ ከመስኮት ያያታል። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ይላል በሆዱ። እሷም ማሳ ውስጥ ሆና ያንኑ ትላለች። ማታ ማታ ገበታ ላይ ሲገናኙ ግን ንግግራቸው ሌላ ነው።

«ዘሩ ይሆን?» ይላል ጄትሮ።

«ዘሩ ሊሆን ይችላል።»

«ድርቁም አለ።»

«ድርቁም አለ፣» ትላለች ኤቪስ።

የባን ማሳም ከዚያው ከረጢት ዘር፣ ከዚያው ሰማይ ድርቅ እንደደረሰው ሁለቱም ያውቃሉ። ግን እያንዳንዳቸው ሌላው ውሸታቸውን ስላመነላቸው ተመስገን ብለው ይተኛሉ።

ሰኔ ላይ ሚስተር ትሪንግ መጣ። ከስኳር ፋብሪካው አንድ ባለሙያ ይዟል፤ ክሌም ባንም እንዲያው በአጋጣሚ አብሮት ነበር። ጄትሮን ጨምሮ አራቱ ወንዶች ከኤቪስ ጋር ማሳው መካከል ቆሙ። ባለሙያው እፍኝ አፈር አንሥቶ ምላሱ ላይ ጣል አደረገና ተፋ።

«ጨው ነው፣» አለ። «ጨው ለዚህ ተክል መልካም ነው፤ ልኩንና ጊዜውን ላወቀ። እዚህ ግን የደንቡ ሦስት እጥፍ ያህል አለ። የገደለው ይኸው ነው።»

ሚስተር ትሪንግ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። ይህን የጠበቀ ሰው ይመስል ነበር። «ሚስ ላርተር፣ እስከ ጥር ድረስ ከኖሪች ሠላሳ ኩንታል ጨው ገዝተዋል። ነጋዴው የእኛንም ቤት የሚያገለግል ሰው ነው፤ በጨዋታ መሀል ነገረኝ።»

ጄትሮ ወደ ልጁ ዞረ። «ኤቪስ?»

«አዎ አባዬ።» ፊቷ አመድ መስሏል። «ካሁን በፊትም በትኜ አውቃለሁ። ያ የላይኛው ግማሽ... ይቅርታ አድርግልኝ። ግን ልኩን ነው የበተንኩት። እንዴት እንዲህ እንደሆነ እኔም አልገባኝም።»

ለጄትሮ ገባው። ሁለት ተኩልና አምስት። መዝሙሩም፣ ግንቡም፣ ያ ሁሉ አሜንም ምን እንደነበረ በአንድ ጊዜ ገባው። ልጁ ለማሳው የደከመችው ድካም ሁሉ ትክክል ነበር፤ የተበላሸው እሱ ሲጨመርበት ነው። አሁን ዝም ቢል ምንም አይደርስበትም። ሰው ሁሉ ጨው የበተነችው ልጁ ናት ይላል፤ እሱም በሚቀጥለው ጥር «አላልኳችሁም?» ብሎ መስበክ ይችላል። የሴኬም ስብከት እንዲህ ያለ ማስረጃ አግኝቶ አያውቅም።

ያም ሆኖ ዝም አላለም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ ይመዘገብለት።

«እኔ ነኝ፣» አለ። «እሷ ልኩን ነው የበተነችው። በላዩ ላይ ስልሳ ኩንታል የደፋሁበት እኔ ነኝ። በመጋቢት፣ ዘር ሊዘራ ሳምንት ሲቀረው።»

ኤቪስ አፏን በእጇ ያዘች። ሚስተር ትሪንግ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሚስተር ላርተር፣ አባትነትዎን አከብራለሁ።»

«አባትነት አይደለም እኮ የምልዎት፤ ስልሳ ኩንታል ጨው ነው።»

«እርስዎ? ጨው?» ወኪሉ ፈገግ አለ፤ ዓይኑም እርጥብ እርጥብ አለ። «ስብከትዎን ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።»

«የያርመዝን የዓሣ ጓሮ ይጠይቁ። ሹፌሩን ይጠይቁ።»

«አያስፈልግም፣ አያስፈልግም።»

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ጄትሮ ወደ ክሌም ዞረ። «ክሌም፣ ንገራቸው እንጂ። ሸቶህ ነበር። ድመቶቹን አይተሃል። አንተ ታውቃለህ።»

ክሌም ባን ጫማውን አየ፣ ማሳውን አየ። አሥራ ሁለት ኤከሩን ዳር እስከ ዳር አያቸው። «ወንድሜ ጄትሮ፣ ዓሣ እንደሸተተኝማ እውነት ነው፣» አለ በለዘበ ድምፅ። «ኤቪስ ሄሪንግ ጠብሳ ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ የአንተን ቃል ተጠራጥሬ አላውቅም።»

በዚህ አለቀ፤ ሠላሳ ኩንታል እንዴት የደንቡ ሦስት እጥፍ እንደሆነ ያሰላ የለም። ሚስተር ትሪንግ ልጅቷ ምስኪን እንደሆነች፣ ሆኖም ልክ ለማታውቅ እጅ መሬት እንደማይሰጥ በደግ ቃል አስረዳ። መሬቱ በሚካኤል ቀን ወደ ባን ይዞራል። ቤቱ ግን ለጄትሮ ዕድሜ ልኩን ይተውለታል፤ ልጁን ለማዳን ሲል ስሙን ለማጥፋት የደፈረ አባት ከቤቱ አይወጣም። የፋብሪካው ባለሙያ እንኳ ሲለያዩ ጄትሮን በሁለት እጁ ጨበጠው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ቶርፕሊንግ ውስጥ እያደር ደፈረሰ። ማታውን ወሬው መንደሩን ዞረ። ያ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ለልጁ ሲል የመጀመሪያውን ውሸት ዋሸ ተባለ። ጄትሮ እሑድ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ እንደገና ተናዘዘ፤ ኩንታሉን፣ ቀኑን፣ የጭነት መኪናውን ቀለም ሳይቀር ዘርዝሮ። በተናዘዘ ቁጥር ለቅሶው ጨመረ። የዳቦ ጋጋሪው መበለት ወይዘሮ ጌጅ መሐረቧን ጨርሳ የጎረቤቷን ተዋሰች። «እንዲህ ያለ አባት ነበር የሚያስፈልገን፣» አለች በር ላይ እጁን ይዛ፤ ኤቪስን ግን በዓይኗ ገረፍ አድርጋት አለፈች። ክሌም ባን በዚያን ዕለት የመረጠው መዝሙር በጣም የሚያምር ነበር።

ወኪሉ የመጣ ዕለት ማታ ግን አባትና ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። 

«ስንት አልክ አባዬ?»

«አምስት።»

«ለኤከር?»

«ለኤከር።»

በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች፤ ደመረች። «ሰባት ተኩል።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ...» አለ ጄትሮ።

«ብነግርህ ትሰብክብኝ ነበር።»

«አልሰብክብሽም ነበር።»

ኤቪስ ቀና ብላ አየችው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«እሰብክብሽ ነበር፣» አለ ጄትሮ።

በሚካኤል ቀን ላሞቹ ተሸጡ፣ ትራክተሩ ተሸጠ። ጄትሮ ልጁ ወደ ከተማ ትሄዳለች ብሎ ፈራ፤ እንዳትሄድ ለመታመምም አሰበ፤ ግን አፈረና ተወው። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ቢወርድ ኤቪስ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የሥራ ቡትስ ጫማዋን ስታጠልቅ አገኛት።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ሥራ ነው። ክሌም ባን ቀጥሮኛል።»

«ምን ልትሠሪለት?»

«ረጅሙን ማሳ እንድይዝለት። ከሚቀጥለው ዓመት የራሱም የስኳር ሥር በእኔ እጅ ነው። ጨዉም፣ ዘሩም፣ ሁሉም።»

ጄትሮ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «መንደሩ ሁሉ ማሳ ገደለች ይልሻል። እሱ እንዴት አምኖሽ?»

«አምኖኛል።»

«እሱ እኮ እውነቱን ያውቅ ነበር፣ ኤቪስ። ያን ቀን ሸቶታል። ድመቶቹንም አይቷል። እያወቀ ነው ዝም ያለው።»

ኤቪስ ማሰሪያውን አጥብቃ ተነሣች። «ያውቃል አባዬ። ስለሚያውቅ ነው የቀጠረኝ።»

በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ጄትሮ ከወንበሩ ሳይነሣ ጫማዋ በጠጠሩ ላይ ሲራመድ ሰማ፤ ወደ ረጅሙ ማሳ ነበር የሚሄደው። ባን ሰው እንዲያረፍድበት አይወድም።